የሎያንጉ ፎቶ

ዳለስ ኤርፖርት ሰው ሊቀበል የሚሄድ ሐበሻ ከመኪናው አይወርድም። «የትኛው በር ላይ ነሽ?» ብሎ ይደውላል፤ ፖሊስ ሳያባርረው ሻንጣውን ኋላ ወርውሮ ይነዳል። መንገደኛውም ይህን ስለሚያውቅ ማንም በማንም አይቀየምም። መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ ውስጥ ገብቶ፣ መንገደኞች ብቅ እስከሚሉበት በር ድረስ መጥቶ የሚቆም ሰው ካለ፣ ወይ ሙሽራ ይጠብቃል፣ ወይ መርዶ ይዟል።

ኪዳኔ ያን አርብ ፓርክ አድርጎ ገብቶ ነበር። ሚስቱን ባዩሽንም ይዟል፤ ባዩሽ ደግሞ እርጉዝ ሆና እንኳን ምጥ እስኪይዛት ከሥራዋ ያልቀረች ሴት ናት። ስሂን ሻንጣዋን እየገፋች ስትወጣ ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው አየቻቸው። ባዩሽ በላስቲክ የተጠቀለለ አበባ ታቅፋለች። «በቃ፣ ጀመርን» አለች ስሂን በሆዷ።

ወንድሟ አሥራት አዲስ አበባ ላይ ከሞተ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ስሂን ይህን ታውቃለች። ማወቋን ግን ማንም አያውቅም፤ እንድታውቅም ገና ሰዓቱ አልደረሰም። ሞት ሌላ፣ መርዶ ሌላ። ሞት ባሻው ጊዜ ይመጣል፤ መርዶ ግን ሥርዓት አለው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይጥል ግራና ቀኝ የሚይዘው ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። መንገደኛ ከሆነ እስኪመለስ ይጠበቃል። ለመንገደኛ በስልክ መርዶ የነገረ ሰው ዕድሜ ልኩን «ያ ጨካኝ» እየተባለ ይኖራል።

እናቷ ወይዘሮ ከበቡሽም አልተነገራቸውም። እሳቸው የሚኖሩት ከስሂን ጋር አሌክሳንድሪያ ነው፤ ስሂን ቻይና ስትሄድ ግን ለሁለት ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኪዳኔ ቤት ሰነበቱ። ኪዳኔ የእህታቸው ልጅ ነው። የተመከረው እንዲህ ነበር፦ ስሂን ስትመለስ እናትና ልጅ ባንድ ጠዋት፣ ባንድ ቤት ይሰማሉ። እስከዚያው ሁሉም አፉን ይይዛል።

«እንኳን ደህና መጣሽ! ውይ፣ አማረብሽ! ወፈርሽ!» አለች ባዩሽ ባንድ ትንፋሽ፣ አበባውን እየሰጠቻት።

ስሂን አልወፈረችም። ቀሚሷ ወገቧ ላይ ሰፍቷታል።

«ለምን ፓርክ አደረጋችሁ? ኮል ብታደርጉልኝ እወጣ አልነበር?»

«ምን ችግር አለው፣» አለ ኪዳኔ፣ ዐይኑን ከሻንጣው ላይ ሳያነሳ። «ዛሬ ፓርኪንጉ ባዶ ነው።»

ፓርኪንጉ ባዶ አልነበረም። መኪናው ያለበት ድረስ በሹትል ነው የሄዱት። ኪዳኔ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ሲነዳ ከሴናተር እስከ ሰካራም ያላዋራው ሰው የለም፤ አንደበቱ የተባረከ ነው። ውሸት ላይ ሲደርስ ግን አፍንጫውን ያካል። መኪናው ጋ እስኪደርሱ ድረስ አፍንጫው ቀላ።

መንገድ ላይ የቻይና ወሬ ተጀመረ። ባልና ሚስቱ ከዚያ ቀን በፊት ስለ ቻይና አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም፤ አሁን ግን ጸጥታ እንዳይገባ እየተቀባበሉ ጠየቋት።

«ቻይና ትልቅ ናት፣ አይደል?»

«ትልቅ ናት።»

«ሰው ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው።»

«አበባውስ? እውነት አሥራት እንደሚ...» ብሎ ኪዳኔ ጀመረና ምላሱን ነከሰ። ባዩሽ ጉልበቱን ቆነጠጠችው። ስሂን በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ እያየች እንዳልሰማች ሆነች። ዛፎቹ አዲስ ቅጠል አውጥተዋል። እዚህም ጸደይ ነው።

«አበባው ቆንጆ ነው፣» አለች። ድምፅዋ ለራሷ ከሩቅ የሚሰማ መሰላት። «እማዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው! በጣም ደህና ናቸው!» አለች ባዩሽ፣ ስለ ሌላ ሰው ለማውራት በመቻሏ ደስ ብሏት። «ይበላሉ፣ ይጫወታሉ። ብቻ ምን ሆኑ መሰለሽ፣ ሻወር ወደዋል። በቀን ሦስቴ! አንዴ ከገቡ መውጫ የላቸውም። ያኔት ሙቅ ውሃው ሁሉ አለቀ እያለች ስትነጫነጭ ነበር የከረመችው።»

ያኔት የእነ ኪዳኔ ልጅ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን እንግሊዝኛ ነው።

«ነገ እኛ ቤት ቁርስ አለ፣» አለ ኪዳኔ አፍንጫውን እያከከ። «ዛሬ አሌክሳንድሪያ እናድርስሽና ረስት አድርጊ። ጠዋት መጥቼ ፒክ አደርግሻለሁ። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ።»

«ቅዳሜ ጠዋት? ጎህ ሳይቀድ? ለቁርስ?»

«ጨጨብሳ ትኩሱን ነው እንጂ ከቀዘቀዘ ምን ይረባል፣» አለች ባዩሽ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው። ስሂን «እሺ» አለች። ኪዳኔ ትንሽ ከነዳ በኋላ ደግሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባለፈው ሳምንት የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ አንድ ሜሴጅ ልኬ ዲሊት አድርጌ ነበር። አይተሽዋል እንዴ?»

«የቱን?»

«ምንም አይደለም። የሥራ ነገር ነው፣ ተሳስቼ ነው።»

«አላየሁም። እዚያ ኔትወርኩ አስቸጋሪ ነው።»

ኪዳኔ ከዳለስ ጀምሮ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የስሂን ውሸት ግን በስምንት ቀኑም አልቀለለም። ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ደረቷ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አይጨምርም፣ አይነሳም።

ቻይና የሄደችው በአሥራት ምክንያት ነው። አሥራት የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የሚሠራበት የመንገድ ድርጅት ሎያንግ ወደምትባል ጥንታዊት ከተማ ልኮት ሁለት ዓመት ተምሯል። ከዚያ ወዲህ ሎያንግ ከአፉ ተለይታ አታውቅም። ነገሥታት ተፈራርቀው የነገሡባት ከተማ ናት፣ ይላል። ሾርባ ብቻ ሃያ አራት ዓይነት ያቀርባሉ፣ ይላል። «ሚያዝያ ላይ ሂጂ፣ ስሂኔ። ፒዮኒ የሚሉት አበባ አላቸው፣ አንዱ ጥቅል ጎመን ያህላል። እሱን ሳታዪ ዐይን አለኝ እንዳትዪ።» ከአዲስ አበባ በየእሁዱ ሲደውል ለእናቱም ይህንኑ ይደግማል፤ ወይዘሮ ከበቡሽ «ምነው ልጄ፣ እዚያው ቀብረህ የመጣኸው ነገር አለ እንዴ?» ይሉታል።

ስሂን አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። አረጋውያን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ሲሞቱም ዐይናቸውን ትከድናለች። ቫኬሽን የምትወስደው ለክርስትናና ለሠርግ ብቻ ነበር። አብራት ትሠራ የነበረች ናንሲ የምትባል ነርስ ጡረታ ወጣችና ከሌሎች ጡረተኞች ጋር ቻይና ልትሄድ ስትነሳ የጉዞውን ወረቀት አሳየቻት። ሎያንግ ሦስት ቀን ይላል። ስሂን ያን ዕለት ለአሥራት ደወለች። ሰውየው በአርባ አራት ዓመቱ እንደ ሕፃን ጮኸ።

«ሊጂንግ የሚባል የከተማው በር አለ። እዚያ ቆሜ የተነሳሁትን ፎቶ ታውቂዋለሽ፣ እማዬ ጋ ያለውን። አንቺም እዚያው ቆመሽ ተነሺና ላኪልኝ፤ ጎን ለጎን አደርገዋለሁ።»

ቃል ገባችለት። በአንድ ቀን ተላለፉ።

ቡድኑ ሎያንግ የገባው ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሆቴሉ ውስጥ ስሂን የሩዝ ገንፎ ፊቷ አስቀምጣ ሳለ ስልኳ ጮኸ። የቤተሰቡ ግሩፕ ነው። ኪዳኔ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አሥራት ዛሬ ሌሊት በድንገት ዐርፎ ከሰዓት በኋላ ተቀብሯል። ልቡ ነው ይላሉ። ስሂንና እማማ እንዳይሰሙ! ስሂን ስትመለስ አንድ ላይ እንነግራቸዋለን። አደራ!»

ኪዳኔ ለዚሁ ጉዳይ ስሂን የሌለችበት አዲስ ግሩፕ ከፍቶ ነበር፤ ሲቸኩል ጣቱ የለመደውን ነካ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መልእክቱ ጠፋ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት የጥንት ሰዎች ዲሊት አያውቁም። ስሂን ግን እስኪጠፋ ድረስ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች።

እሪ ልትል የሚገባት ያኔ ነበር። አልመጣላትም። ገንፎውን እያየች ቆየችና ማንኪያዋን አንስታ ጨረሰችው። ናንሲ ከማዶ ሆና «ሐኒ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለቻት፤ «ኦኬ» አለች። ከዚያ ጥርሷን ታጥባ አውቶቡስ ላይ ወጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሲሞት አንሶላ ያጠፈ እጅ እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ፤ የሰውንና የራስን ሞት መለየት ይሳነዋል።

ለምን ዝም እንዳለች ራሷን ስትጠይቅ ሁለት መልስ ነበራት። አንደኛው ደግ መልስ ነው፦ ሰማሁ ብላ ብትደውል ቤቱ ይናወጣል፤ እናቷ እሷ በሌለችበት ይሰማሉ፤ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሴት የሚደግፋቸው ልጅ ሳይኖር ይወድቃሉ። ሁለተኛው መልስ ደግ አይደለም። መርዶ እስካልተነገራት ድረስ አሥራት አልሞተም። የጠፋ መልእክት ምን ማስረጃ አለው? ሁለቱን መልሶች እየቀያየረች ሰነበተች፤ የትኛው እውነት እንደሆነ እስከ ዛሬም አታውቅም።

ሊጂንግ በር የደረሱት ያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ ነው። አሥራት እንዳለው ሰፊ፣ ግራጫ ድንጋይ፣ ላዩ ላይ ጣሪያው የተቆለመመ ቤት ያለው በር ነው። የጥንት ቀሚስ የተከራዩ ወጣት ሴቶች ፀጉራቸው ላይ ጌጥ ደርድረው ፎቶ ይነሳሉ። ነፋስ ነበረ፤ ስሂን ከቦርሳዋ ነጠላዋን አውጥታ ለበሰች። አሥራት የቆመበትን ቦታ አጥታው አልተቸገረችም፤ ያን ፎቶ ስታየው ነው የኖረችው። ናንሲ ከመንገድ የገዛችውን ቀይ የጨርቅ ፒዮኒ ፀጉሯ ላይ ሰካችላትና ስልኳን ተቀብላ «ስማይል!» አለቻት። ስሂን ፈገግ አለች። ጥርሷ እስከ ዳር ታየ።

አውቶቡስ ላይ ስትመለስ ኪዳኔ ግሩፑ ላይ ጽፎ አገኘች፦ «ስሂን ደህና ነሽ? ፎቶ የለም እንዴ?» ሰምታ እንደሆነ ሊያጣራ ነው። ፎቶውን ላከችላቸው። ወዲያው ግሩፑ በልብ ምልክት ተሞላ። «ዋው!» «ስሂንዬ ከነ ነጠላሽ!» «ቻይናዎቹን አሳበድሻቸው አይደል!» ተረጋጉ ማለት ነው። ከዚያ ያንኑ ፎቶ ለአሥራት ላከችለት፤ ቃል ገብታለታለችና። መላኩን የሚያሳየው አንድ ጭረት ብቻ ታየ። መድረሱን የሚያሳየው ሁለተኛው ጭረት እስኪመጣ ድረስ ስልኩን እያየች ተቀመጠች፤ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አየችው፤ ምንም አላየችም ማለትም ይቻላል። ከገደል ተፈልፍለው የተሠሩ ሺህ ምስሎች ፊት ቆመች፤ የብዙዎቹ ፊት ተሰብሯል፤ እሷ ግን ጫማዋ ውስጥ የገባችውን ጠጠር ስታስብ ነበር። የፒዮኒው መናፈሻ ውስጥ ነጩ፣ ሐምራዊው፣ ቢጫው አበባ ባሕር ሆኗል። እውነትም ጥቅል ጎመን ያህላል። «እውነቱን ነው» አለች ድምፅ አውጥታ። ናንሲ «ዋት?» አለቻት። «ናቲንግ» አለች።

አሁን ኪዳኔ አሌክሳንድሪያ አፓርታማዋ ደጅ ሲያወርዳት የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ነበር። ነገ ማልቀስ አለባት። ሰው ሁሉ ፊቷን ያያል። ካላለቀሰች አንድ ብልጥ ሰው ቀን ይቆጥራል፤ የጠፋው መልእክት ሐሙስ፣ ፎቶው ሐሙስ። ከዚያ ወዲያ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ የሚወራው አንድ ነው፦ ወንድሟ ሞቶ አበባ ሰክታ ጥርሷን ያሳየች ሴት። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቷ ይህን ይሰማሉ። ሌላው ያለውን ቢል ትችለዋለች። እናቷ አንድ ልጃቸውን ቀብረው በሌላዋ ልጃቸው ቢያፍሩ ግን አትችለውም።

ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ልቅሶ ለመለማመድ ሞከረች። «አሥራት ሞቷል» አለች። ፍሪጁ ጓጎረ። «ወንድሜ ሞቷል» አለች። እንባ የለም። ሕፃን ሆኖ ጀርባዋ ላይ ስታዝለው ጆሮዋን ይነክስ እንደነበር አሰበች፤ የድሮ ሥዕል እንደምታይ ሆና አየችው። አፈረች። ከዚያ ደክሟት እዚያው ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ሲነጋጋ የቀሰቀሳት የኪዳኔ ስልክ ነው።

ተጣጥባ ጥቁር ያልሆነ ቀሚስ መረጠች። ጥቁር ከለበሰች ተይዛለች። ነጠላዋን አጣፍታ ለበሰችና መስታወት ፊት ቆማ ጥለቱን አየችው። ጥለቱ እታች፣ እወገቧ ላይ፣ እንደ ደህና ቀን ተዘርግቷል። ጥለቱን ገልብጦ ወደ አንገቱ የሚያወጣ ሐዘንተኛ ነው፤ እሷ ደግሞ ገና ምንም ያልሰማች፣ ለጨጨብሳ የተጠራች ሴት ናት። አሳምራ አስተካከለችውና ወረደች።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርሱ የኪዳኔ መንገድ በመኪና ተሞልቷል። ሰዉ መኪናውን ራቅ አድርጎ ያቆመ መስሎት ነበር፤ ሦስት የታክሲ ሠሌዳና የቤተ ክርስቲያን ምልክት የተለጠፈበት ቫን ግን ከየት ይደበቃል? አንድ ሰውዬ ጥቁር ኮቱን በቀይ ጃኬት ሸፍኖ ዛፍ ሥር ቆሟል። ስሂን ስታልፍ ፊቱን ወደ ዛፉ አዞረ።

ቤዝመንት ሲገቡ ወንበሩ ሁሉ ሰው ነው። ማንም ሰላምታ አልሰጣትም። ወይዘሮ ከበቡሽ መሐል ሶፋው ላይ፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል። ያኔት አጠገባቸው እግሯን አጥፋ መሬት ላይ ናት። ስሂን ጎንበስ ብላ እናቷን ሳመች። እሳቸው ጉንጯን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«መጣሽ?»

«መጣሁ፣ እማዬ።»

«ከስተሻል። በይ እዚህ ተቀመጪ።»

ሁለት ደልደል ያሉ ሴቶች ከስሂን ግራና ቀኝ ተጠጉ። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ልሳነወርቅ ከወንበራቸው ተነሡ። ሰውየው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ መርዶ ሲናገሩ ከአዳም ነው የሚጀምሩት።

«እንግዲህ ወይዘሮ ከበቡሽ፣ የሰው ልጅ ሲፈጠር ጀምሮ በዚህች ምድር እንግዳ ነው። አባታችን አዳምም ቢሆን...»

«አቶ ልሳነወርቅ፣ ይቀመጡ፣» አሉ ወይዘሮ ከበቡሽ።

«እንዴ?»

«ይቀመጡ፣ ወንድሜ። አይድከሙ። አሥራት መሞቱን አውቃለሁ። ካወቅሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው።»

አቶ ልሳነወርቅ ከነ አዳማቸው ቁጭ አሉ። ባዩሽ ኪዳኔን አየች፤ ኪዳኔ ያኔትን አየ። ያኔት ብድግ አለች። «አይ ዲድንት ሴይ ኤኒቲንግ! አይ ስዌር ቱ ጋድ፣ ባባ!»

«ማን ነገረዎት፣ እማማ?» አለ ኪዳኔ።

«ልጄ ናታ፣» አሉና በአገጫቸው ወደ ስሂን ጠቆሙ።

የሁሉም ዐይን ስሂን ላይ ዐረፈ። ስሂን የተነገረው እንዳልገባው ሰው እናቷን አየች። «እኔ? እኔ እኮ አልደወልኩልሽም፣ እማዬ።»

«ያኔት፣ የኔ እናት፣ ያን ፎቶ አምጪልኝ፣ ያሳየሽኝን።»

ያኔት ስልኳን ከፍታ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ከበቡሽ ስልኩን ወደ ሰዉ አዙረው ያዙት። ሊጂንግ በር፣ ግራጫው ድንጋይ፣ ቀዩ አበባ፣ እስከ ዳር የታየው ጥርስ። ከኋላ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ይሄ ሐሙስ የተላከው አይደል?» ስትል ተሰማች። ደረሰ፣ አለች ስሂን በሆዷ። ፈራሁት ያለችው ነገር መጥቶ ፊቷ ቆሟል፤ አሁንም ምንም አልተሰማትም።

ወይዘሮ ከበቡሽ አውራ ጣታቸውን አበባው ላይ አድርገው ሸፈኑት።

«አበባውን ተዉት። ጥርሷንም ተዉት። ነጠላዋን እዩት።»

ሰዉ አንገቱን አሰገገ። የፎቶዋ ስሂን ነጠላ ተገልብጧል። አረንጓዴው ጥለት እታች አይደለም፤ በግራም በቀኝም ትከሻዋ ላይ ወጥቶ አንገቷን ከቦታል። ያን ፎቶ ግሩፑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አይቶታል፣ ልብ ልኮበታል፣ «ከነ ነጠላሽ» ብሎበታል። ጥለቱን ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

«አባቷ የሞተ ዕለት እንዲህ ለብሳለች፣» አሉ ወይዘሮ ከበቡሽ። «ያኔት ፎቶውን ስታሳየኝ፣ ልጄ ሐዘን ተቀምጣለች አልኩ። ማን ሞቶባት? እኔ አለሁ። ከአሥራት ሌላ ማን አላት? እሁድ ይደውል ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ኔትወርክ ነው አላችሁኝ። በዚያው ጨረስኩት።»

ስሂን እጆቿን አየቻቸው። ነፋሱን ታስታውሳለች፤ ነጠላውን ከቦርሳዋ ስታወጣ ታስታውሳለች። ጥለቱን ስትገለብጠው አታስታውስም። ማንም አላዘዛቸውም፤ እሷ ገንፎ በልታ፣ ጥርሷን ታጥባ፣ ፈገግ ስትል፣ እጆቿ የወንድሟን ሐዘን ለብሰውላት ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አለች።

«እኔ ከጮህኩ እነዚህ ይደነግጡና ይደውሉልሻል። ከባዕድ መሐል፣ ሰማይ ላይ፣ ማን ይይዝሻል? ትምጣልኝ አልኩ።»

«ዘጠኝ ቀን ብቻሽን?»

ወይዘሮ ከበቡሽ ባዩሽን ይቅርታ እንደሚጠይቁ ሆነው አዩዋት።

«ሻወር ቤት እገባለሁ። ውሃውን ስከፍተው ይጮሃል፤ ከሱ ጋር እጮሃለሁ። ሙቅ ውሃችሁን ጨረስኩባችሁ።»

ባዩሽ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ስለ ሙቅ ውሃው ስትነጫነጭ የከረመችው ያኔት ግንባሯን እማማ ጉልበት ላይ ደፋች።

ወይዘሮ ከበቡሽ ወደ ልጃቸው ዞረው ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፉት። አገላብጠው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አውጥተው፣ አንገቷ ዙሪያ አለበሷት። ከዚያ የራሳቸውንም እንዲሁ ገለበጡ። «አሁን ልክ ሆነ» አሉ።

ስሂን የእናቷ ጣቶች አንገቷን ሲነኩት «ወንድሜን!» አለች። ከዚያ ሌላ ቃል አላገኘችም፤ ያንኑ ደጋግማ ጮኸች። ቤቱ ሁሉ አብሯት ተነሣ። ግራና ቀኝ የተዘጋጁት ሴቶች ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ።

«ተዉዋት፣» አሉ ወይዘሮ ከበቡሽ። «እኔ ይዣታለሁ።»